የግሬድ ውሳኔ ደንብ ኮርሱ ሳይጀመር ይጻፍ

ለከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ሴኔቶች፣ ለሬጅስትራር ጽሕፈት ቤቶችና ለትምህርት ክፍል ኃላፊዎች

ጉዳዩ፦ የተማሪዎች የመጨረሻ ግሬድ የሚወሰንበትን መንገድ ይመለከታል

ክቡራንና ክቡራት፣

ሴሚስተር ባለቀ ቁጥር ግሬድ ይለጠፋል፤ በማግሥቱ መምህሩ ቢሮ በር ላይ ሰልፍ ይያዛል። ተማሪዎቹ የሚያነሡት ቅሬታ በጥሞና ሲሰማ «ፈተናው ከበደን» የሚለው ጥቂት ነው። «74.6 ያመጣሁት ለምን 75 አልሆነልኝም?»፣ «ኩዊዙ ያመለጠኝ ታምሜ ነው፤ እንዴት ዜሮ ይያዝብኛል?»፣ «ለእገሌ ተሞልቶለት ለኔ ለምን ቀረ?» የሚለው ይበዛል። መምህሩ ለእነዚህ የሚሰጠው መልስ የትም ተጽፎ አይገኝም። በዚያች ሰዓት ያመነበትን ይወስናል፤ በሚቀጥለው ሴሚስተር ደግሞ ሌላ ይወስናል።

ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው አንድ ነገር ለመጠየቅ ነው። ግሬድን የሚያንቀሳቅስ ማንኛውም ውሳኔ፣ ማለትም ማጠጋጋቱም፣ የጎደለ ውጤት አያያዙም፣ የተበላሸ ጥያቄ ጉዳይም፣ ድንበር ላይ የቆመ ተማሪም፣ ኮርሱ ሳይጀመር በኮርስ አውትላይኑ ላይ ይጻፍ። ውጤቱ የማን እንደሆነ ከታወቀ በኋላ የሚወሰን ነገር ሁሉ ለአንዱ ውለታ፣ ለሌላው በደል ይሆናል።

በወረቀት ላይ ያለው ሥርዓት ቀላል ነው። በአብዛኞቹ ተቋሞቻችን ተከታታይ ምዘናው 50፣ ፋይናሉ 50 ይይዛል። ከመቶ ይደመርና በቋሚ መለኪያ ወደ ፊደል ይቀየራል፤ 90 ሲሞላ ኤ ፕላስ፣ 75 ሲሞላ ቢ ፕላስ፣ 50 ሲሞላ ሲ እያለ ይወርዳል። ተማሪን ከተማሪ እያነጻጸሩ በከርቭ መስጠት ቀርቷል ተብሏል። መለኪያው ቋሚ መሆኑ ጥሩ ነው። ነገር ግን 50 ያመጣ ተማሪ ምን ያውቃል የሚለውን የሚወስነው መለኪያው ሳይሆን ከሥሩ ያለው የነጥብ አከፋፈል ነው፤ እዚያ ላይ ማንም አይመለከትም።

በጣም የተለመደ አከፋፈል እንውሰድ፦ ሁለት ቴስት በድምሩ 25፣ የግል አሳይመንት 10፣ የቡድን ሥራ 15፣ ፋይናል 50። አንድ ተማሪ በቴስቶቹ 10 ከ25 አገኘ። ካምና ተማሪ የተገለበጠ አሳይመንት አስገብቶ 9 ከ10 ተሰጠው። ሰቃይ (ጎበዝ) ልጅ ባለበት ቡድን ውስጥ ስሙ ስለተጻፈ 14 ከ15 ደረሰው። ከ50ው 33 ይዞ ፋይናል ገባና 18 ሠራ። ድምሩ 51፤ ግሬዱ ሲ። አለፈ። ይህ ልጅ ብቻውን ወንበር ላይ ተቀምጦ የሠራው ተለይቶ ሲታይ ግን 28 ከ75 ነው፤ 37 በመቶ ገደማ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ ሁሉ የሚቀመጥበት የመውጫ ፈተና ማለፊያው 50 በመቶ ሲሆን፣ እዚያ የቡድን ሥራ የለም። እንዲህ ባለ ሲ የአማካይ ውጤት (ጂፒኤ) ማለፊያውን 2.00 እየሞላ ዓመታት የተሻገረ ተማሪ መጨረሻ ላይ ሲወድቅ ጥያቄ አውጪው ይወቀሳል። ሲው እንዴት እንደተገኘ ግን የጠየቀ የለም።

ሌላም ችግር አለው። በቡድን ሥራው ክፍሉ በሙሉ ከ13 እስከ 15 ካገኘ፣ ያ ምዘና ማንንም ከማንም አይለይም፤ ሁሉንም እኩል ያነሣል እንጂ። በወረቀት ላይ 15 ነጥብ የተሰጠው ሥራ ተማሪን ከተማሪ በመለየት በኩል የሁለት ነጥብ ጉልበት ብቻ አለው። ፋይናሉ ከ15 እስከ 45 ከተዘረጋ ደግሞ የ30 ነጥብ ልዩነት ይፈጥራል። መምህሩ «ግማሹን በሴሚስተሩ ውስጥ መዝኛለሁ» ብሎ ያስባል፤ በተግባር ልዩነቱን የሠራው ያች የሁለት ሰዓት ፈተና ናት። ስለዚህ ፋይናል ከመሰጠቱ በፊት እያንዳንዱ መምህር የየምዘናውን ከፍተኛና ዝቅተኛ ውጤት ጎን ለጎን ጽፎ ይመልከት። አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው።

የቡድን ሥራ ይቅር እያልን አይደለም፤ አሰጣጡ ይስተካከል ነው የምንለው። ከ15ቱ 6ቱ ለሥራው ለቡድኑ በጋራ፣ 9ኙ በቃል ጥያቄ ለየግሉ ቢሰጥ ነገሩ ይለወጣል። 60 ተማሪ ያለበት ክፍል፣ በአምስት በአምስት ሲደለደል 12 ቡድን ነው፤ ለአንድ ቡድን 20 ደቂቃ ቢመደብ በጠቅላላው 4 ሰዓት ይፈጃል። ዋናው ዘዴ የሚመልሰውን ተማሪ መምህሩ መምረጡ ነው። ቡድኑ ከመረጠ ሁልጊዜም ያው ሰቃዩ ይናገራል። ጥያቄውም «ስለ ሥራችሁ አስረዱን» የሚል አይሁን፤ «በሦስተኛው ገጽ ያለው ይህ ቁጥር ከየት መጣ?»፣ «ይህ ባይሆን ኖሮ መደምደሚያችሁ ምን ይሆን ነበር?» ይባል። ያልሠራ ሰው እዚህ ላይ አምስት ሰከንድ አይቆይም። ለአቴንዳንስ ነጥብ የሚሰጡ ባልደረቦቻችን ደግሞ አንድ ነገር ያስቡበት፤ ክፍል ገብቶ የተቀመጠ ሁሉ ተምሯል ማለት አይደለም።

ወደ ድመራው እንሂድ፤ ብዙ ጉዳት የሚደርሰው ሳይታወቅ እዚህ ነው። ከ20 የታረመ ቴስት ወደ 15 ሲለወጥ 13 ያገኘው ተማሪ 9.75 ይሆናል። ኩዊዙ ከ10 7.5፣ አሳይመንቱ ከ10 8.6፣ የቡድን ሥራው ከ15 11.5 ነው እንበል። ድምሩ 37.35 ነው። አንዳንድ መምህር ግን ለአያያዝ እንዲመቸው እያንዳንዱን ያጠጋጋል፦ 10፣ 8፣ 9፣ 12። ድምሩ 39 ሆነ። ሁለቱም በፋይናል 36 ላይ ሲደመሩ አንደኛው 73.35፣ ሌላኛው ድፍን 75 ይሰጣሉ። ያው ተማሪ፣ ያው ወረቀት ነው፤ በአንዱ አሠራር ቢ ፕላስ ያገኛል፣ በሌላው አያገኝም። ይህን ያደረገው መምህር ለማንም አላዳላም፤ አራት ጊዜ ማጠጋጋቱ ብቻ ነው። ማጠጋጋት አንድ ጊዜ፣ ከመቶው ድምር ላይ ብቻ፣ ለሁሉም እኩል መደረግ አለበት። 0.5 እና ከዚያ በላይ ወደ ላይ፣ ከዚያ በታች ወደ ታች። በየሥፍራው ሌላ ደንብ ቢመረጥም ችግር የለውም፤ ቀድሞ ይጻፍ እንጂ።

ኤክሴልም የራሱ ወጥመድ አለው። ሴሉ ከነጥብ በኋላ ያለውን አሃዝ እንዳያሳይ ከተደረገ 74.6 በስክሪኑ ላይ 75 ሆኖ ይታያል፤ የፊደሉ ቀመር ግን ውስጡ ያለውን 74.6 ነው የሚያነበው። ተማሪው በተለጠፈው ወረቀት ላይ 75 አይቶ አጠገቡ ቢ ተጽፎ ሲያገኝ መምህሩ የበደለው ይመስለዋል። ፊደሉን ከሠንጠረዥ ፈልጎ የሚያመጣው ቪሉካፕ ደግሞ መነሻ ነጥቦቹ ከትንሽ ወደ ትልቅ ካልተደረደሩ የተሳሳተ ፊደል ያወጣል፤ ስህተት አለ ብሎም አያስጠነቅቅም። ከሁሉ የከፋው ግን የስም ዝርዝሩን ብቻ መርጦ በፊደል ተራ መደርደር ነው፤ ስሞቹ ይንቀሳቀሳሉ፣ ውጤቶቹ ባሉበት ይቀራሉ፣ የክፍሉ ግሬድ በሙሉ የሌላ ሰው ይሆናል። ሁለት ሴክሽን ከሬጅስትራር በመጣው ዝርዝር ላይ ሲገለበጥም እንዲሁ፤ የአንድ ተማሪ ስም መሐል ከገባ ከሱ በታች ያለው ሁሉ አንድ ረድፍ ይንሸራተታል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ከመላኩ በፊት አምስት ተማሪ ይመረጥ፤ የመጀመሪያው፣ የመጨረሻው፣ ከመካከል አንዱ፣ ምዘና የጎደለው አንዱና ድንበር ላይ ያለ አንዱ። የእነዚህ ውጤት ከፈተና ወረቀታቸው ላይ ተነሥቶ በካልኩሌተር እንደገና ይደመር። አምስቱም ከገጠሙ ይላክ።

ባዶ ሴል ሌላው ችግር ነው። የድምር ቀመሩ ባዶውን ስለሚዘለው ውጤቱ ዜሮ እንደተሰጠው ያህል ነው፤ አማካይ የሚያወጣው ቀመር ግን ባዶውን ከቁጥር ያወጣዋል፣ ያልተፈተነውን ተማሪ ይጠቅመዋል ማለት ነው። ባዶ ሴል ቢያንስ ሦስት የተለያየ ትርጉም ሊኖረው ይችላል። ተማሪው ያለምክንያት ቀርቷል፤ ወይም በማስረጃ የተደገፈ ምክንያት አለው፤ ወይም ተፈትኖ ወረቀቱ ከመምህሩ እጅ ጠፍቷል። የመጀመሪያው ዜሮ ነው። ሁለተኛው ማካካሻ ፈተና ይገባዋል፤ በእኛ እይታ ነጥቡን ወደ ፋይናል ከማዛወር በሳምንት ውስጥ ማካካሻ መስጠት ይሻላል፣ አለዚያ የቀረበት ምዘና ከ10 ከሆነ ፋይናሉ ለዚያ ተማሪ ብቻ 60 ነጥብ ይሸከማል። ሦስተኛው የመምህሩ ጥፋት ስለሆነ ተማሪው አንዲት ነጥብ ሊያጣበት አይገባም። እነዚህን ሦስቱን በማርክ ሊስቱ ላይ «ቀረ»፣ «ፈቃድ»፣ «ጠፋ» ብሎ ለይቶ መጻፍ ያስፈልጋል። «ፈቃድ» እና «ጠፋ» የተባለ ሴል መፍትሔ ሳያገኝ ግሬድ አይላክ፤ «አይ» (I፣ ያልተሟላ ውጤት) ተይዞለት ይቆይ።

የተከታታይ ምዘናው የ50ው ውጤት ደግሞ ፋይናል ከመድረሱ በፊት መታወቅ አለበት። በስም ሳይሆን በመታወቂያ ቁጥር ይለጠፍ፤ ተማሪው የራሱን አይቶ ይፈርም፤ ቅሬታ ካለው ከፋይናሉ ሳምንት በፊት አቅርቦ ይዘጋ። በዚህ ጊዜ የሚነሣ ቅሬታ ንጹሕ ነው፤ ግሬዱ ገና ስላልታወቀ ተማሪው የሚከራከረው በእርግጥ ስለተቆጠረበት ነጥብ ነው። ከግሬድ በኋላ ግን የጎደለችውን 0.4 የሚያገኝበት ቀዳዳ ፍለጋ ይሆናል።

አሁን ስለ ጊዜ። ሦስት ሴክሽን የሚያስተምር መምህር፣ በአንዱ 60 ተማሪ ቢኖር፣ 180 ወረቀት ያርማል። ጽሑፍ ያለበት ፈተና ለአንዱ 12 ደቂቃ ቢፈጅ 36 ሰዓት ነው፤ ያለምንም ዕረፍት፣ ያለ ድመራ፣ ያለ ሌላ ኮርስ። አምስት የሥራ ቀን ሰጥቶ «ግሬድ አስገቡ» የሚል ሬጅስትራር መምህሩን ወደ አንድ መንገድ ይገፋዋል፦ እውነት ወይም ሐሰትና ምርጫ ብቻ ወደማውጣት። 20 እውነት ወይም ሐሰት ጥያቄ ያለበት ፈተና ላይ ምንም ያላነበበ ተማሪ በግምት ብቻ በአማካይ 10 ያገኛል። ይህ የመምህሩ ስንፍና ብቻ አይደለም፤ የካላንደሩ ውጤት ነው። ጊዜው በተማሪ ብዛትና በፈተናው ዓይነት ይመደብ።

አስተራረሙንም በሚመለከት፣ ወረቀት አንድ በአንድ ጨርሶ ከማረም ጥያቄ በጥያቄ ማረም ይሻላል። የሁሉንም አንደኛ ጥያቄ ጨርሶ ወደ ሁለተኛው ማለፍ ነው። አንዱ ተማሪ የመጀመሪያውን አሳምሮ ስለመለሰ ቀሪው በዚያ ዐይን እንዳይታይለት ይከላከላል፤ ለአንድ ዓይነት መልስ አንድ ዓይነት ነጥብ መስጠትም ይቀልላል። ከጥያቄ ወደ ጥያቄ ሲታለፍ የወረቀቱ ክምር ይበወዝ፤ ሁልጊዜ ከታች ያለው ሁልጊዜ በደከመ ዐይን እንዳይታረም። ስም ያለበት የፊት ገጽ ወደ ኋላ ይታጠፍ። የመልስ መመሪያው ከፈተናው ጋር አብሮ ይዘጋጅ፤ ለሙሉው ብቻ ሳይሆን ለከፊል መልስም ስንት እንደሚሰጥ ይጻፍበት። በስሌት ጥያቄ ላይ ተማሪው መጀመሪያ ላይ አንድ ቁጥር ተሳስቶ ቀሪውን መንገድ በትክክል ከሄደ አንድ ጊዜ ብቻ ይቀጣ። ዐሥር ወረቀት ነጥብ ሳይሰጥ በቅድሚያ ይነበብ፤ መመሪያው ያላሰበው ትክክለኛ መልስ የሚገኘው እዚያ ላይ ነው።

የተበላሸ ጥያቄ የሌለበት ፈተና ብርቅ ነው። የክፍሉ ጎበዞች አብዛኞቹ የሳቱትን ጥያቄ መምህሩ መጀመሪያ የመልስ ቁልፉን ይጠራጠር። ጥያቄው በእርግጥ ከተበላሸ ሁለት አማራጭ አለ፤ ለሁሉም መስጠት ወይም ለሁሉም መሰረዝ። ሁለቱ እኩል አይደሉም። 2 ነጥብ የያዘ ጥያቄ ከ50 ቢሰረዝ ቀሪው 48 ይሆንና ወደ 50 ይመለሳል። ያንን ጥያቄ አግኝቶ 30 የነበረው ተማሪ 28 ከ48 ይቀረዋል፣ ወደ 29.2 ይወርዳል። ሳያገኘው 30 የነበረው ደግሞ ወደ 31.25 ይወጣል። ለሁሉም ቢሰጥ የመጀመሪያው 30 ላይ ይቆያል፣ ሁለተኛው 32 ይሆናል። ማንም እንዳይወርድ ስለሚያደርግ ለሁሉም መስጠቱን እንመርጣለን። ግን ይህም ቀድሞ ይጻፍ፤ ውጤት ታይቶ የሚመረጥ ከሆነ መምህሩ ለየትኛው ተማሪ ሲል እንደመረጠው መጠየቁ አይቀርም።

ድንበር ላይ የቆመው ተማሪ ጉዳይ ከሁሉ ይከብዳል። አንድን የጽሑፍ መልስ ሁለት ብቁ መምህራን ቢያርሙት ሁለት ሦስት ነጥብ መለያየታቸው የተለመደ ነው። ስለዚህ 74.3 እና 75 መካከል ያለው ልዩነት የዕውቀት ልዩነት ነው ብሎ የሚምል መምህር አይኖርም። መስመር ግን የሆነ ቦታ መሰመር አለበት። ያልተገባው መፍትሔ የሚታወቀው ነው፤ ቢሮ የመጣው ይሞላለታል፣ ማፈር የያዘው ይቀርበታል። ከፈተና በኋላ «ተጨማሪ አሳይመንት ሥራ» ተብሎ ለአንድ ሰው ብቻ የሚሰጥ ነጥብም ያው ነው፤ ያንኑ ዕድል 59ኙ አላገኙትም። የኛ ሐሳብ ይህ ነው። ከማንኛውም መስመር በታች በአንድ ነጥብ ውስጥ የወደቁ ተማሪዎች ወረቀት ሁሉ፣ ማንም ሳይጠይቅ፣ ግሬድ ከመለጠፉ በፊት፣ ስማቸው ተሸፍኖ እንደገና ይታይ። የድመራ ስህተትና ያልታረመ ገጽ ይፈለግ፤ ጽሑፉ ድጋሚ ይነበብ። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ይቅር። ከመስመሩ በላይ ያሉትን አለማየቱ ወደ ተማሪው ያዘነብላል፤ እናውቃለን። ለሁሉም እኩል እስካዘነበለ ድረስ አንቃወመውም።

ልመናው ብዙ ጊዜ ከጉዳዩ ይበልጣል። 30 ኢሲቲኤስ (የኮርስ ክብደት መለኪያ) በያዘ ሴሚስተር የ5 ኢሲቲኤስ ኮርስ ከቢ ወደ ቢ ፕላስ ቢያድግ የሴሚስተሩ ጂፒኤ የሚጨምረው 0.08 ገደማ ነው። ጉዳዩ የሚከብደው 1.99 ይዞ ምረቃ ደጃፍ ላይ ለቆመው ጂሲ (ተመራቂ ተማሪ) ነው። እሱን ግን እዚያ ያደረሰው የብዙ ኮርሶች ድምር ነው፤ ሸክሙን የመጨረሻው መምህር ትከሻ ላይ መጣል ልክ አይደለም። መፍትሔ ካለው በሴኔት ደንብ፣ ኮርስ በመድገም በኩል ይምጣ። በስልክ አይምጣ። ኃላፊዎችም «ኤ በዛ፣ ቀንስ» ወይም «የወደቀው በዛ፣ ከፍ አድርግ» ብላችሁ ወረቀቱን አትመልሱ፤ ያ ከርቭን በጓሮ በር ማስገባት ነው። ውጤቱ ካጠራጠራችሁ ፈተናውንና የመልስ መመሪያውን ጠይቁ።

አንድ ነገር ሳንለው አናልፍም። ውሳኔው በአንድ ሰው እጅ፣ በተዘጋ ቢሮ ውስጥ ሲሆን በተለይ ሴት ተማሪዎች ምን እንደሚጠየቁ ሁላችንም እንሰማለን። የተጻፈ ደንብ ክፉ ሰውን አያጠፋውም፤ «ላስተካክልልሽ እችላለሁ» የሚልበትን ሥልጣን ግን ይወስድበታል። ከተለጠፈ በኋላ የሚደረግ ማንኛውም የግሬድ ለውጥ በመምህሩ ብቻ ሳይሆን የታረመው ወረቀት ተያይዞ፣ ሁለተኛ መምህር ፈርሞበት፣ ምክንያቱ ተጽፎ እንዲያልፍ የምንጠይቀውም ስለዚህ ነው።

ሴኔቶች፣ ይህን ሁሉ የሚይዝ የአንድ ገጽ ቅጽ አጽድቁልን፤ ማጠጋጋት፣ የጎደለ ምዘና፣ የተበላሸ ጥያቄ፣ የድንበር አያያዝና የቅሬታ ቀን። መምህሩ ምርጫውን ሞልቶ ከኮርስ አውትላይኑ ጋር በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ለተማሪ ያድል፣ አንዱን ቅጂ ለትምህርት ክፍሉ ይስጥ። ሬጅስትራሮች፣ የ50ው ውጤት ቀድሞ ካልገባ ሲስተሙ የፋይናል ውጤት እንዳይቀበል አድርጉ፤ የማስገቢያውንም ቀን በወረቀት ብዛት መድቡ። የትምህርት ክፍል ኃላፊዎች፣ ቅሬታ ሲመጣላችሁ መጀመሪያ ቅጹን ክፈቱ። እዚያ ላይ መልስ ያለው ጥያቄ መምህሩን መጥራት ሳያስፈልግ በዚያው ይለቅ። ቅጹ ለመጪው ሴሚስተር ምዝገባ ከደረሰ በቂ ነው።

ከሰላምታ ጋር
በከፍተኛ ትምህርት ተቋማት የምናስተምር መምህራን